ሦስት፣ አራት ወይስ አምስት? የባግሩት ሂሳብ ምርጫና የቤተሰብ ድርሻ

በቤር ሼቫ በሚኖሩ ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች ዘንድ እንዲህ ያለ ወሬ አንድ ቀን ቤት ይገባል። ልጁ ከትምህርት ቤት ይመለስና “በሂሳብ ወደ ሻሎሽ ልወርድ ነው፤ ይቀለኛል” ይላል። እናት ወይም አያት ነገሩ ስላልገባቸው “እግዚአብሔር ይርዳህ” ብለው ያልፉታል። ይህች አጭር ወሬ ግን ልጁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የትኛውን የትምህርት በር ማንኳኳት እንደሚችል የምትነካ ናት።

የሒዶት ምንድን ነው?

የሒዶት የሚባለው የትምህርቱ መጠንና ክብደት መለኪያ ነው። ሙሉ የባግሩት ምስክር ወረቀት ለማግኘት ተማሪው ቢያንስ 21 የሒዶት ማሟላት አለበት። ከሚማራቸውም ትምህርቶች ቢያንስ አንዱ በ5 የሒዶት ደረጃ መሆን ይኖርበታል። ሂሳብ ግዴታ ሲሆን በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሒዶት ይወሰዳል።

በ3 የሒዶት ተማሪው ለዕለት ኑሮ ቅርብ የሆነውን ሂሳብ ይማራል፤ መቶኛ፣ ግራፍ ማንበብ፣ ስታቲስቲክስ፣ አንድ ነገር በየጊዜው ሲያድግ ወይም ሲቀንስ ማስላት የመሳሰሉትን። በ4 የሒዶት ካልኩለስ፣ ጂኦሜትሪ፣ ትሪጎኖሜትሪና ፕሮባቢሊቲ በስፋት ይመጣሉ። በ5 የሒዶት እነዚሁ ይጠልቃሉ፤ ቬክተርና ኮምፕሌክስ ቁጥሮችም ይጨመራሉ።

በኢትዮጵያ የተማሩ አረጋውያን ማትሪክን ያስታውሳሉ፤ ለብዙዎች ዕጣ ፈንታቸው የሚለይበት የአንድ ሰሞን ፈተና ነበር። ባግሩት ግን በቁርጥራጭ የሚሰበሰብ ነው። የ3 የሒዶት ሂሳብ ሦስት ፈተናዎች አሉት፤ የ4 እና የ5 የሒዶት ደግሞ ሁለት ሁለት። ፈተናዎቹ በክረምትና በበጋ ሞዔድ ይሰጣሉ። አንዱ ቢበላሽ ያንኑ እንደገና ተፈትኖ ውጤትን ማሻሻል ይቻላል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የባግሩት አማካይ ሲያሰሉ ከባዱን ሂሳብ ለወሰደ ተማሪ ጭማሪ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ይህንንም ቦኑስ ይሉታል። ውጤቱ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለ5 የሒዶት ሂሳብ 35 ነጥብ፣ ለ4 የሒዶት 12.5 ነጥብ ይጨመራል። ለ3 የሒዶት ጭማሪ የለም።

ስለዚህ በ5 የሒዶት 75 ያገኘ ተማሪ 110 ሆኖ ይቆጠርለታል። በ4 የሒዶት 90 ያገኘ 102.5 ይሆንለታል። በ3 የሒዶት 95 ያመጣው ግን እዚያው 95 ላይ ይቀራል። ቤት ውስጥ “95 ያመጣው ልጅ ጎበዝ፣ 75 ያመጣው ሰነፍ” ተብሎ የሚፈረድበት ጊዜ አለ። ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ግን ሚዛኑ ይገለበጣል። ምኽላላዎች የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው ልጁ ሊገባ የሚፈልግበትን ቦታ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ምህንድስና፣ ኮምፒውተርና ሳይንስ ለመማር በአብዛኛው 5 የሒዶት ወይም በ4 የሒዶት ከፍ ያለ ውጤት ይፈለጋል። አገሪቱም ይህን ጉዳይ ትልቅ ቦታ ሰጥታዋለች። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 በ5 የሒዶት ሂሳብ የተፈተኑት ወደ 9,000 ገደማ ብቻ ሆነው ነበር። የትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ሰፊ ዘመቻ ከጀመረ በኋላ ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጥፍ ያህል ሆነ።

መውረድ ቀላል፣ መውጣት ከባድ

ምርጫው የሚጀምረው ገና በሐቲባ ነው። እዚያ ተማሪዎች በሃክባጻ፣ ማለትም በችሎታ ቡድን ይከፈላሉ። በዝቅተኛው ሃክባጻ የቆየ ልጅ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ 5 የሒዶት ለመግባት ብዙ ያልተማረው ነገር ይጠብቀዋል። ከ5 ወደ 4፣ ከ4 ወደ 3 መውረድ በአንድ ቀን ያልቃል። ተመልሶ ለመውጣት ግን ቡድኑ የሄደበትን ሁሉ ሮጦ መድረስ ያስፈልጋል።

ልጁ በራሱ ፍጥነት የሚማርበት መንገድ

አንዳንድ ልጅ የሚወርደው ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን የክፍሉ ሩጫ ከብዶት ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሌሎች መንገዶች አሉ። የትምህርት ሚኒስቴር ያለፉትን ዓመታት የባግሩት ፈተናዎች በኢንተርኔት በነፃ ያወጣል። የተቀረጹ ትምህርቶችም አሉ፤ ልጁ ያልገባውን ቦታ አቁሞ፣ መልሶ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ማየት ይችላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ትምህርት ቤቱ የ5 የሒዶት ክፍል ከሌለው ደግሞ በ2012 የተቋቋመው የኢንተርኔት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በዕብራይስጥ ሃቲኾን ሃቪርቱዋሊ የሚባለው፣ አለ። እዚያ መምህር በኢንተርኔት ያስተምራል፤ ረዳት አስተማሪም ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ሆኖ ያግዛል።

በሁለተኛ ደረጃ ያልተሳካለትም በሩ አልተዘጋበትም። ከሠራዊት በኋላ በመኺና ሂሳብን አጠናክሮ ማሻሻል ይቻላል፤ በቤር ሼቫ የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ መኺና አለው። የኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች ሚንሃል ሃስቱደንቲም የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ይገባቸው እንደሆነ ከመመዝገባቸው በፊት ቢጠይቁ ይጠቅማቸዋል። ይሁንና መኺና ጊዜ ይወስዳል፤ አሁን የሚቻለውን አሁን መያዝ ይሻላል።

ወላጅ ምን ይጠይቅ?

ወላጅ ሂሳቡን መሥራት አይጠበቅበትም። ልጁ ከመውረዱ በፊት ግን ከመምህሩ ወይም ከዮዔጼት ጋር ቀጠሮ መያዝ መብቱ ነው። ዕብራይስጥ የሚያስቸግር ከሆነ መጋሼር ወይም ትልቅ ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል። የሚጠየቁት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦

– ልጁ የሚወርደው ለምንድን ነው? ያልገባው የትኛው ክፍል ነው?
– ከመውረዱ በፊት ምን እርዳታ ተሰጠው? ተጨማሪ ሰዓት ትምህርት አለ?
– በፈተና ላይ ተጨማሪ ጊዜ ወይም ሌላ ድጋፍ ይገባዋል?
– አሁን ቢወርድ እስከ መቼ ተመልሶ መውጣት ይችላል?

መልሱ ከተሰማ በኋላ 4 የሒዶት ወይም 3 የሒዶት ለልጁ ትክክል ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ በ5 የሒዶት ከሚወድቅ፣ በ4 የሒዶት ጥሩ ውጤት ይዞ መጨረስ ይሻለዋል። 3 የሒዶት ይዘውም ብዙ ሙያ የሚማሩ አሉ። ዋናው ነገር ውሳኔው ልጁ በደከመበት አንድ ቀን፣ ቤተሰቡ ሳያውቅ የተወሰነ እንዳይሆን ነው።