ኤሌክትሪክ ከጠፈር፦ ሕልሙና ሒሳቡ

ከጣራችን ላይ ያለው ዱድ ሼሜሽ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በኔጌቭ አሻሊም ደግሞ ከ50 ሺህ በላይ መስተዋቶች የፀሐይን ብርሃን ወደ አንድ ረጅም ግንብ ይሰበስባሉ። ሁለቱም ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ይፈታሉ። ታዲያ ፓኔሉን ፀሐይ ወደማትጠልቅበት ብንወስደውስ?

ሐሳቡን በ1968 በሳይንሳዊ መልክ ያቀረበው ፒተር ግሌዘር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። ከምድር 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሳተላይት ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ከአንድ ቦታ በላይ እንደቆመ ይታያል። እዚያ ደመና የለም፤ በዓመት ሁለት ወቅት በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ በምድር ጥላ ከመሸፈኑ በቀር ሌሊትም የለም። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 1,360 ዋት ገደማ ያርፋል። ሳተላይቱ ይህን ወደ ማይክሮዌቭ ለውጦ ይልካል፤ መሬት ላይ የተዘረጋ የአንቴና መስክ ተቀብሎ መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል።

«ጨረሩ ወፍ አይጠብስም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። በተለመደው ንድፍ የጨረሩ መሐል ኃይል ከቀትር ፀሐይ ሩብ ያህል ነው፤ አይጠብስም። ችግሩ ሌላ ነው። ጨረር በሄደ ቁጥር ይሰፋል። የሞገዱ ርዝመት 12 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ካለው ማሰራጫ የወጣ ጨረር ምድር ሲደርስ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ይህ ገንዘብ የሚፈታው ጉዳይ ሳይሆን የፊዚክስ ሕግ ነው። ስለዚህ በትንሹ ጀምሮ ቀስ በቀስ ማሳደግ ያስቸግራል፤ ከመጀመሪያው ግዙፍ መሆን አለበት።

ኃይልን ያለ ሽቦ መላክ ራሱ ተረት አይደለም። በ1975 በካሊፎርኒያ ጎልድስቶን ከ30 ኪሎዋት በላይ ኃይል 1.5 ኪሎ ሜትር ርቀት ተሻግሯል። በ2023 የካልቴክ ተመራማሪዎች በጠፈር ላይ ኃይል ያለ ሽቦ አስተላልፈው ትንንሽ መብራቶች አብርተዋል፤ ከሳተላይቱ የተላከውንም ምልክት ፓሳዴና በሚገኘው ጣራቸው ላይ ተቀብለዋል። ምልክት እንጂ ቤት የሚያበራ ኃይል አልነበረም።

ሒሳቡ ግን ይከብዳል። ናሳ በ2024 መጀመሪያ ባወጣው ጥናት፣ ከመረመራቸው ሁለት ንድፎች ርካሹ እንኳ በኪሎዋት ሰዓት 61 የአሜሪካ ሳንቲም ያስወጣል፤ በምድር ላይ ያሉት አማራጮች ከ2 እስከ 5 ሳንቲም ናቸው። አብዛኛው ወጪ ዕቃውን ወደ ጠፈር ማስወንጨፊያ ነው። ሮኬት በጣም ከረከሰና ፓኔሉ ረጅም ዕድሜ ካገኘ ዋጋው ሊቀራረብ ይችላል፤ ግን ሁሉም አብሮ መሳካት አለበት።

ኢትዮጵያ ውስጥ መብራት ላልደረሰበት የዘመዶቻችን መንደርስ? እውነቱን እንናገር፤ በቅርቡ አይጠቅመውም። የሚወርደው ኃይል በሺህ ሜጋዋት የሚቆጠር ስለሆነ ትልቅ የመስመር መረብ ይፈልጋል፤ መንደሩ የጎደለው ደግሞ መስመሩ ነው። ጣራ ላይ የሚሰቀል ፓኔልና ባትሪ ይቀድመዋል።

እዚህ እስራኤልም ጥያቄው የቦታ ነው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ስለሆንን ጨረሩ አግድም ይወርዳል፤ መስኩም ከ10 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከኔጌቭ ብዙው የጦር ልምምድ ስፍራ ነው። ምህንድስና የምትማሩ ጓደኞቻችን ግን ዘርፉን አትናቁት፤ ጨረርን ያለ ተንቀሳቃሽ አካል የሚያዞሩ አንቴናዎችና በጠፈር ላይ የሚገጣጥሙ ሮቦቶች ሳተላይቱ ባይሠራም ሥራ አያጡም።