የአውራሪስ ጠባቂው ጎረቤቱ ነው

ሕገ ወጥ አደን በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚታሰበው ዘብ ማብዛትና ጠመንጃ ማስታጠቅ ነው። የናሚቢያ ተሞክሮ ግን ከጠመንጃው የሚቀድም ጥያቄ መኖሩን ያስተምራል፦ አውሬው በሕይወት በመኖሩ አጠገቡ የሚኖረው ሰው ምን ያገኛል? በደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ዘመን የነበሩት ሕጎች ነጭ ባለ እርሻዎችን በመሬታቸው ላይ ባለው የዱር እንስሳ ተጠቃሚ ሲያደርጉ፣ በጋራ መሬት ለሚኖሩት ጥቁሮች የተረፋቸው ጉዳቱ ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መባቻ በሰሜን ምዕራቡ ደረቅ ምድር ድርቅ የሂምባና የሄሬሮ አርብቶ አደሮችን ከብት ሲፈጅ፣ ዝሆንና አውራሪስም ለጥርስና ለቀንድ ሲባል እየተገደሉ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከዚያው አካባቢ ነው። የዱር እንስሳት ባለሙያው ጋርዝ ኦወን ስሚዝና የአገሬው መሪ ጆሹዋ ካንጎምቤ ተመካክረው፣ ጠባቂዎቹን የአካባቢው ሽማግሌዎች ራሳቸው እንዲመርጡ አደረጉ። የተመረጡትም አገሩን በእግራቸው የሚያውቁ፣ ዱካ አይተው ማን እንዳለፈ የሚለዩ ሰዎች ነበሩ፤ መጀመሪያ ላይ የድካማቸው ዋጋ በአብዛኛው ቀለብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ ማኅበረሰቡ ተደራጅቶ ከቱሪዝምና ከተፈቀደ አደን የሚገኘውን ገቢ እንዲያስተዳድር መብት ሰጠ። ዛሬ 86 የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራዎች የአገሪቱን አንድ አምስተኛ ያህል መሬት ይሸፍናሉ። ጠባቂው በየዕለቱ ያየውን ዱካ፣ የሞተ እንስሳና የተበላ ከብት በደብተሩ ያሰፍራል፤ መረጃው በየወሩ ተደምሮ እዚያው በመንደሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። ስለ አውሬው የሚያውቀው ሕዝብ ስለ አውሬው ለመወሰንም አቅም ያገኛል።

ይህ አሠራር ተቃዋሚ አላጣም። አንበሳ ከብቱን የበላበት፣ ዝሆን የውኃ ጉድጓዱን ያፈረሰበት አርብቶ አደር ትርፉ የት አለ ቢል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ቱሪስቱን ሲያስቀር ገቢው እንደደረቀም አይካድም። ሁለቱም ግን የሚያሳዩት የካሳውና የገቢው ምንጭ መስፋት እንዳለበት እንጂ መብቱ መነጠቅ እንዳለበት አይደለም። ለስፖርት ሲባል እንስሳ መግደል የሚዘገንናቸውም አሉ፤ ስሜታቸው ይከበራል፤ ነገር ግን አደኑን አስቁሙ የሚል ሰው ለጠባቂው ደመወዝ ምትክ ይዞ መቅረብ ይገባዋል። የቀንድ ነጋዴዎች መረብ ረቂቅ ነውና መንደርተኛ አይመክተውም የሚለውም ክርክር ሙሉ አይደለም፤ በመንግሥት በሚጠበቀው በኤቶሻ ብሔራዊ ፓርክም አውራሪሶች ተገድለዋል። ፖሊስና ፍርድ ቤት የግድ ያስፈልጋሉ፤ እንግዳ ሰው ወደ ሸለቆው መግባቱን አስቀድሞ የሚነግራቸው ግን እረኛው ነው።

እኛም ለዚህ ምስክር ከሩቅ መጥራት አያሻንም። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ለዘመናት በራሱ ደንብ ሲጠብቅ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም አብረው ተጠብቀዋል። በየፓርኮቻችን ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብ እንደ ወራሪ ማየት ይብቃ፤ በሕግ የታወቀ ድርሻና የመወሰን ሥልጣን ይሰጠው።