ወይፈን ያለ ዕድሜው ሲጠመድ መገጣጠሚያው ምን ይሆናል?

በአገራችን አነስተኛ ማሳ ያላቸው አብዛኞቹ ገበሬዎች ዛሬም የሚያርሱት በጥማድ በሬ ነው። ከጥማዱ አንዱ በእርሻ ወቅት ካነከሰ ገበሬው መቀናጆ ለመፈለግ ወይም በሬ ለመከራየት ይገደዳል፤ የዘር ጊዜም ያልፍበታል። በሬን ለማንከስ ከሚዳርጉት ምክንያቶች አንዱ አጥንቱ ሳይጠና ከባድ ሥራ ላይ መዋሉ ነው። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ምክንያትና መከላከያውን ባጭሩ እንገልጻለን።

1. ለስላሳው አጥንት

በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ነጭና ልሙጥ ነገር ለስላሳ አጥንት ወይም ካርቲሌጅ ይባላል። ከብት ታርዶ ጉልበቱ ሲከፈት በግልጽ ይታያል። ይህ ክፍል የደም ሥር የለውም። ሕዋሳቱ ምግብ የሚያገኙት በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። እንስሳው ሲረግጥ ለስላሳው አጥንት ይጨመቃል፤ እግሩን ሲያነሳ ፈሳሹን መልሶ ይመጥጣል። ስለዚህ መጠነኛ እንቅስቃሴ ለመገጣጠሚያው ጤንነት አስፈላጊ ነው።

2. የደም ሥር የሚጠራውና የሚከለክለው

የለስላሳ አጥንት ሕዋሳት የደም ሥር እንዳይገባ የሚከለክሉ ፕሮቲኖች ያመነጫሉ። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1991 ከከብት ጽንስ ለስላሳ አጥንት ተለይቶ የታወቀው ኮንድሮሞዱሊን ነው። በአንጻሩ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. የተባለው ፕሮቲን የደም ሥር እንዲያድግ ይጠራል።

ጥሪው በቦታው ሲሆን ይጠቅማል። በታዳጊ እንስሳ ረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ የእድገት ንጣፍ አለ። የንጣፉ ሕዋሳት ተባዝተው ካበጡ በኋላ ይህን ፕሮቲን ይለቃሉ፤ የደም ሥር ይገባል፤ ጠንካራ አጥንትም ይተካል። እ.ኤ.አ. በ1999 በአይጦች ላይ በተደረገ ሙከራ ጥሪው ሲታገድ ንጣፉ ወፍሮ የአጥንቱ እድገት ቀንሷል።

3. ጫና ሲበዛ

ችግሩ ጥሪው ያለ ቦታው፣ ማለትም በመገጣጠሚያው ለስላሳ አጥንት ውስጥ ሲነሳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ የላቦራቶሪ ጥናት እንዳሳየው ለስላሳ አጥንት ከመጠን በላይ ሲጨመቅ ሕዋሳቱ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. ያመነጫሉ። ይህም ለስላሳውን አጥንት የሚያሟሙ ኢንዛይሞችን ያበረታታል። ከሥር ካለው አጥንት የደም ሥርና ነርቭ ሲገባ ሕመም ይከተላል። አንድ ጊዜ ያለቀ ለስላሳ አጥንት ደግሞ እንደ ቀድሞው አይተካም።

4. ምን መደረግ አለበት?

ሀ. በከብት እግር ከሚገኙት የእድገት ንጣፎች አንዳንዶቹ እስከ 3 ዓመት ተኩልና 4 ዓመት ድረስ አይዘጉም። በለጋነቱ የተኮላሸ ወይም ምግብ ያነሰው ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ወይፈኑ 4 ዓመት ሳይሞላው ሙሉ ቀን ባይታረስበት ይመረጣል።

ለ. ማላመድ በ3 ዓመት ገደማ ሊጀመር ይችላል። በመጀመሪያ ከለመደ በሬ ጋር ቀንበር ብቻ ይሸከም፤ ቀጥሎም ቀድሞ በታረሰና በላላ መሬት ለአጭር ጊዜ ይሥራ። ደረቅና ጠፍ መሬት ለጎለመሱት በሬዎች ይተው።

ሐ. አንድ በሬ ሳይደክም ለረጅም ጊዜ ሊስብ የሚችለው የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ ከ25 ኪሎ ብዙ ያልበለጠ ጉልበት ይሰጣል ማለት ነው።

መ. ቁመታቸውና ጉልበታቸው የማይመጣጠን በሬዎች አይጠመዱ፤ ጫናው እኩል አይከፈልምና።

ሠ. ያነከሰ ወይም መገጣጠሚያው ያበጠ ወይፈን ወዲያው ከሥራ ወጥቶ ይረፍ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያም ይታይ።

ወይፈኑን አንድ ክረምት ቀደም ብሎ መጥመድ ለጊዜው የሚጠቅም ይመስላል። ነገር ግን በደህና ያደገ በሬ ለብዙ ዓመታት ስለሚያርስ፣ ገበሬው ያችን አንድ ክረምት እንዲታገስ እንመክራለን።