ቤት ውስጥ የተሠራ ክሬም ለምን ይበላሻል?

ለጸጉር ለጋ ቅቤ፣ ለቅንድብ የጉሎ ዘይት፣ ለፊት እርድና ማር፣ ለተቃጠለ ቆዳ እሬት፤ እናቶቻችን ገላቸውን ሲንከባከቡ የኖሩት ከጓዳቸው በሚያገኙት ነው። ዛሬ በዚህ ላይ ሺያ በተር፣ የኮኮናት ዘይት፣ ግሊሰሪንና ቫይታሚን ኢ ተጨምሮ ቤት ውስጥ ክሬም፣ ሎሽንና የከንፈር ቅባት መሥራት ለብዙዎች የእጅ ሥራ፣ ለአንዳንዶችም መተዳደሪያ ሆኗል። አሠራሩን የሚያሳይ ሞልቷል። የተሠራው ነገር በሳምንቱ ውሃ ሲያወጣ፣ አሸዋ አሸዋ ሲል ወይም ሽታው ሲለወጥ ግን ምክንያቱን የሚነግር ሰው ማግኘት ይቸግራል። ብዙ ሴቶች ገንዘባቸውንና ድካማቸውን ደፍተው እጃቸውን የሚያጣጥፉት እዚህ ላይ ነው።

የተበላሸ ቅባት በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ውሃ አለበት ወይስ የለበትም? ውሃ ሲባል የቧንቧው ብቻ አይደለም። የጽጌረዳ ውሃ፣ የእሬት ዝልግልግ፣ ወተት፣ እርጎ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ የተፈላ ሻይ፣ እርጥብ ቅጠል፣ አቮካዶ፤ ሁሉም ውሃ ናቸው። ዘይት፣ ሰም፣ ሺያ በተርና በደንብ የተነጠረ ቅቤ ውሃ የላቸውም። የሁለቱ ወገኖች ብልሽት የተለያየ ነው፣ አደጋቸውም እንዲሁ።

ውሃ ከሌለበት ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። ቀልጦ የነበረ ሺያ በተር ሲረጋ ጣት ላይ የሚንከባለል ደቃቅ ቅንጣት ከያዘ አልተበላሸም። በውስጡ ያሉት ስቦች የሚረጉበት ሙቀት ይለያያል። ስቴሪክ አሲድ የበዛበት ክፍል ቀድሞ ይረጋል፤ ኦሌይክ አሲድ የበዛበት ያኔ ገና ፈሳሽ ነው። ቅባቱ ጠረጴዛ ላይ ቀስ እያለ ሲበርድ ቀድመው የሚረጉት ተሰባስበው ለመጠጠር ጊዜ ያገኛሉ። መላው ያን ጊዜ መንፈግ ነው። አንድም ቅንጣት እስከማይቀር ድረስ አቅልጣችሁ፣ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ እያማሰላችሁ በፍጥነት አብርዱት። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በጋምቤላ በኩል የሚበቅለው የሺያ ዛፍ ኒሎቲካ የሚባለው ዝርያ ነው። ቅባቱ ከምዕራብ አፍሪካው ይለሰልሳል። ስለዚህ ለጋና ሺያ የተጻፈን የሰም መጠን እንዳለ የወሰደች ሠራተኛ ቅባቷ አልረጋ ቢላት ጥፋቱ የእጇ አይደለም።

የኮኮናት ዘይትም እንደ አገሩ ነው። የሚቀልጠው 24 ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ አዲስ አበባ ጓዳ ውስጥ ረግቶ የሚከርመው ድሬዳዋ ወይም ጅዳ ሲደርስ ይፈሳል። ዱባይ ላለች እህት የሚላክ የከንፈር ቅባት አዲስ አበባ ላይ ጠንከር ብሎ መሠራት አለበት። የንብ ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ስለሆነ ጥንካሬውን የሚሰጠው እሱ ነው። ከቅባቱ ሩብ ያህሉ ሰም ከሆነ ለሞቃት አገር ይበቃል፤ ለደጋ ከዚያ ያነሰ ይሻላል። መጠኑን ከማጽደቃችሁ በፊት ፍሪጅ ውስጥ በቀዘቀዘ ማንኪያ ላይ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ በጣት ሞክሩት። ሰም በአገራችን ችግር አይደለም። ከጠጅ የሚተርፈው ሰፈፍ ቀልጦና ተጣርቶ ጥሩ ሰም ይወጣዋል፣ ኢትዮጵያም ሰም በብዛት ከሚያመርቱ የዓለም አገሮች አንዷ ናት።

ውሃ የሌለበት ቅባት ትልቁ ጠላቱ አየር ነው። የኑግ፣ የሱፍና የተልባ ዘይት ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ይዋሃዳሉ፤ ብርሃንና ሙቀት ደግሞ ያፋጥኗቸዋል። የሰሊጥ ዘይት የራሱ መከላከያ ስላለው ይቆያል፣ የጉሎም እንዲሁ። ቫይታሚን ኢ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ዘይት እንዳይከረፋ ያዘገያል፤ የከረፋውን ግን አይመልስም። ሽታውን በላቬንደር ሸፍኖ መጠቀም ቆዳን ማስቆጣት ነው። የከረፋ ዘይት ይደፋል።

ቅቤ ደግሞ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይቆማል፤ ጠባዩንም ማወቅ የክሬምን ምስጢር ማወቅ ነው። ወተት ውስጥ ስቡ በደቃቅ ጠብታ ሆኖ ተበትኗል። እያንዳንዱን ጠብታ የሚሸፍን ቀጭን ልባስ ስላለ ጠብታዎቹ አይያያዙም። እርጎው በቅል ሲናጥ ልባሱ ይቀደዳል፣ ስቡ ይጠራቀማል፣ ከቅሉ የሚወጣው ድምፅም ይለወጣል። የምትንጠው ሴት ክዳኑን ሳትከፍት ቅቤው መውጣቱን በጆሮዋ ታውቃለች። ቅድም ውሃ ውስጥ ስብ ነበር፤ አሁን ስብ ውስጥ ውሃ አለ። ለጋ ቅቤ ከመቶ ከ15 በላይ ውሃ ይዞ ይወጣል፣ ቶሎ የሚከረፋውም ለዚህ ነው። ለጸጉር ቅቤ አደስ የምትጨምሩ ከሆነ ቅጠሉ ደርቆ የተወቀጠ ይሁን። እርጥቡ ተጨማሪ ውሃ ያስገባበታል።

ክሬም የምትሠራ ሴት ይህንኑ ሥራ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። ተለያይተው የነበሩትን ዘይትና ውሃ ታዋህዳለች፣ ተዋህደው እንዲቆዩም ለእያንዳንዱ የዘይት ጠብታ ልባስ ትሰጠዋለች። ያን ልባስ የሚሰጠው ኢመልሲፋየር የሚባለው ነው። እኛ ዘንድ ክሬም የሚለያይበት ዋነኛው ምክንያት በእሱ ቦታ የንብ ሰም መግባቱ ይመስለኛል። ሰም ያረጋል፣ ያወፍራል፤ ብቻውን ግን ውሃን ከዘይት ጋር አያስተሳስርም። ትኩስ ሳለ ሲመታ የተዋሃደ መስሎ ይታያል፤ ከቀናት በኋላ ላብ ላብ እያለ ውሃውን ይተፋል። የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሠራው የሚባለው ሰም፣ የወይራ ዘይትና የጽጌረዳ ውሃ ያለበት ክሬም ጠባዩ ይኸው ነበር። በኋላ ዘመን የመጡ ሠሪዎች ቦራክስ ጨመሩበት። ቦራክስ ከሰሙ አሲድ ጋር ተዋህዶ ሳሙና ስለሚፈጥር ክሬሙ ጸና። ዛሬ ግን የአውሮፓ ኅብረት ቦራክስን ከመዋቢያ ውስጥ አስወጥቶታል፣ እኔም ለቤት ሥራ አልመክረውም። የሚሻለው ኢመልሲፋይንግ ዋክስ ተብሎ የሚሸጠው ነው። ዋክስ ይባል እንጂ ከንብ ሰም ጋር ዝምድና የለውም፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ለመነሻ የሚሆን ልክ ልስጣችሁ። ለ100 ግራም ክሬም 71 ግራም የተጣራ ውሃ፣ 3 ግራም ግሊሰሪን፣ 20 ግራም ዘይት፣ 5 ግራም ኢመልሲፋይንግ ዋክስና 1 ግራም ፕሪዘርቫቲቭ (ክሬሙን ከባክቴሪያና ከሻጋታ የሚጠብቀው)። ዋክሱ የዘይቱ ሩብ መሆኑን ልብ በሉ። ዘይት ጨምራችሁ ዋክሱን ሳትጨምሩ ከቀራችሁ መለያየቱ አይቀርም። ዘይቱና ዋክሱ በአንድ ዕቃ፣ ውሃውና ግሊሰሪኑ በሌላ ዕቃ ሆነው ሁለቱም ከ70 እስከ 75 ዲግሪ ይሞቃሉ። ከዚያ ይቀላቀሉና እስኪበርዱ ድረስ ይመታሉ። የጋለ ዘይት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሰሰች ሴት ዋክሱ ሥራውን ሳይጀምር አረጋችው ማለት ነው። ክሬሙ ውስጥ የምታገኘው ነጭ ፍርፋሪ እሱ ነው።

ሁሉም በግራም ይመዘን። በማንኪያ የሚለካ ክሬም አንድ ቀን ሰምሮ በሌላ ቀን ቢበላሽ ሊገርም አይገባም። አንድ ማንኪያ ሺያና አንድ ማንኪያ ግሊሰሪን ክብደታቸው አይተካከልም። አነስተኛ ዲጂታል ሚዛን ከሁሉም ዕቃ በፊት ሊገዛ የሚገባው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ላይ የቆየው ውሃ እየተነነ ይቀንሳል፣ ክሬሙም ከታሰበው በላይ ይወፍራል። ዕቃውን ሳታሞቁት በፊትና ካሞቃችሁት በኋላ መዝናችሁ የጎደለውን በሙቅ ውሃ ሙሉ።

ሲቀቡት ነጭ ነጭ እያለ ለመግባት የሚዘገይ ክሬም ብዙ ጊዜ እንደ ሲቲል አልኮል ወይም ስቴሪክ አሲድ ያለ ማወፈሪያ የበዛበት ነው፤ በሚቀጥለው ሥራ ቀንሱት። አረፋ አረፋ ካለ መምቻው ከላይ አየር እያስገባ ነውና ጫፉ ከክሬሙ ሥር ይዋል። በተሠራበት ዕለት የተለያየውን እንደገና እስከ 70 ዲግሪ አሙቃችሁ ለ100 ግራም አንድ ወይም ሁለት ግራም ዋክስ ጨምራችሁ ብትመቱት ሊመለስ ይችላል። ከቀናት በኋላ የተለያየውን ግን ለማዳን አትሞክሩ። ምክንያቱ ቀጥሎ የምለው ነው።

እስካሁን ያነሳኋቸው ብልሽቶች በዓይን ይታያሉ ወይም በአፍንጫ ይታወቃሉ። ከሁሉም የሚያስፈራኝ የማይታየው ነው። ውሃ ያለበት ክሬም ጓዳ ውስጥ ሲቀመጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ይበቅሉበታል። አረንጓዴ ነጥብ በታየ ጊዜ ጉዳዩ ካበቃ ቆይቷል፤ ባክቴሪያው ሽታም ቀለምም ሳይለውጥ ሊበዛ ይችላል። ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ እንዲህ ባለ ክሬም ውስጥ ይኖራል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከ ማሳጣት ያደርሳል። የተሰነጠቀ ቆዳ፣ ኤግዚማ ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ደግሞ አደጋው ይብሳል።

«ቫይታሚን ኢ ጨምሬበታለሁ» የሚል መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። ቫይታሚን ኢ ዘይቱን ከአየር ይጠብቃል፤ ባክቴሪያ አይገድልም። የሻይ ዛፍ ዘይትና የሮዝመሪ ቅምምም ክሬም ውስጥ በሚገቡበት ትንሽ መጠን አይበቁም። ኬሚካል የሚለው ቃል ብዙዎችን ያስፈራል፣ ፍርሃቱንም እረዳለሁ። ነገር ግን በልኩ የገባ ፕሪዘርቫቲቭ ከበሰበሰ ክሬም እጅግ ይሻላል። ፌኖክሲኢታኖል ያለበት ከሆነ አውሮፓ የፈቀደው ጣሪያ ከመቶ 1 ነው። አምራቹ የጻፈውን መጠን ጠብቃችሁ ክሬሙ ከ40 ዲግሪ በታች ሲበርድ ጨምሩት።

ሶዲየም ቤንዞኤትና ፖታሲየም ሶርቤት ለምግብም ስለሚውሉ በቀላሉ ይገኛሉ። ነገር ግን የሚሠሩት አሲድነት ባለበት ነው። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5 በላይ ወጣ ካለ ጉልበታቸው ይከዳል። ሳሙና ወይም ሶዳ በገባበት ክሬም ውስጥ ቤንዞኤት መጨመር ምንም እንዳልጨመሩ ነው። የፒኤች ወረቀት ርካሽ ነው፤ ግዙ፣ ክሬሙ ላይ ነክታችሁ እዩ። የጤነኛ ቆዳ ፒኤች ከ4.5 እስከ 5.5 አካባቢ ስለሆነ ክሬሙም እዚያው ውስጥ፣ ግን ከ5 ሳያልፍ፣ ቢውል ለቆዳውም ለፕሪዘርቫቲቩም ይስማማል።

እሬት ለብቻው ይነሳ። ቅጠሉ እንደተቆረጠ የሚወጣው ቢጫ ወተት ቆዳ ያሳክካል። ቅጠሉን አቁማችሁ እስኪንጠባጠብ ጠብቁ፣ ከዚያ ልጡን ገፋችሁ ጥርት ያለውን ብቻ ውሰዱ። እሱም ከሞላ ጎደል ውሃ ነውና ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀን እንጂ አይቆይም። ከቀላ ወይም ሽታ ካመጣ ወደ ክሬም አይግባ። የእርጎ፣ የማርና የአቮካዶ ማስክም እንደተሠራ ተቀብቶ የተረፈው ይደፋ።

ሎሚ ፊት ላይ መቀባትን በተመለከተ አቋሜ ግልጽ ነው፤ ይቅር። ፒኤቹ 2 አካባቢ ስለሆነ ቆዳን ይልጣል። ከዚህም በላይ በሎሚ ውስጥ ያሉ ፉሮኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ፀሐይ ሲነካቸው ቆዳ ያቃጥላሉ፤ የሚተዉት ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል። ማድያት ለማጥፋት ሎሚ ቀብታ ፀሐይ ላይ የወጣች ሴት ሌላ ጥቁረት ታተርፋለች። ሶዳም ፒኤቹ ከ8 በላይ ነውና የቆዳን መከላከያ ያፈርሳል።

ቤት ውስጥ ፈጽሞ መሠራት የሌለባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ የቆዳ ማቅያ ነው። የክሎቤታሶል ቱቦ ከሎሽን ጋር እየደባለቁ «ቅልቅል» ብሎ መሸጥ የእጅ ሥራ አይባልም። ክሎቤታሶል ጠንካራ የሐኪም መድኃኒት ነው። ቆዳን ያሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ቆዳው ይቀላል፣ ይቃጠላል። ሜርኩሪ ያለበት ማቅያ ኩላሊት ይጎዳል። እንዲህ ያለ ነገር ሲቀቡ የቆዩ ሰዎች ወደ ቆዳ ሐኪም ይሂዱ፤ የተጎዳን ቆዳ በሌላ የቤት ክሬም ለመጠገን መሞከር ጉዳቱን ያብሰዋል። ሁለተኛው የፀሐይ መከላከያ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ቤት ውስጥ ሲመታ እየተቋጠረ ክሬሙን አንድ ቦታ ወፍራም ሌላ ቦታ ባዶ ያደርገዋል፤ ምን ያህል እንደሚከላከልም ያለ ቤተ ሙከራ አይለካም። በደጋው ፀሐይ ሥር ለሚኖሩ አልቢኒዝም ላለባቸው ወገኖቻችን ይህን መስጠት ካንሰር ፊት ሳይከላከሉ ማቆም ነው።

ሥራውን የምትወዱ ሰዎች ሥራችሁን እንድትተዉ አልፈልግም። የሰም፣ የሰሊጥ፣ የጉሎና የሺያ ቅባት ለደረቀ ተረከዝና ለተሰነጠቀ ከንፈር እውነተኛ ጥቅም አለው፣ ጀማሪም ውሃ ከሌለበት ቢጀምር ይመረጣል። ማንኛውም አዲስ ነገር ፊት ላይ ከመድረሱ በፊት በክንድ ውስጠኛ ቆዳ ላይ ተቀብቶ ሁለት ቀን ይታይ። ክሬም በጣት አይጨለፍ፤ በንጹሕ ማንኪያ ይውጣ ወይም በፓምፕ ዕቃ ይቀመጥ። ለምትሸጡት ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ የተሠራበትን ቀንና ፕሪዘርቫቲቭ ያለው መሆን አለመሆኑን ጻፉ። የምትገዙም ይህ ያልተጻፈበትን ክሬም፣ በተለይ ለሕፃን፣ አትግዙ።