በዋልካ ምድር ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ከመሠራቱ በፊት

ከሳንጃ እስከ መተማ ባለው ቆላ በሚያዝያ ወር የሚጓዝ ሰው ምድሩ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ተተርትሮ ያገኘዋል። በነሐሴ ሲመለስ ያው ምድር አብጦና ስንጥቁ ተገጥሞ፣ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ ሆኖ ይጠብቀዋል። ይህ ዋልካ ወይም መረሬ የምንለው ጥቁር አፈር ነው። ሰሊጥና ጥጥ ስለሚያበቅል ገበሬው ይወደዋል፤ ድንበሩን ተሻግሮ በሱዳን ገዳሪፍ የተዘረጋውም ይኸው አፈር ነው። ሕንፃ ለሚያሠራ ሰበካ ጉባኤ ግን ብርቱ ፈተና ነው። ምእመናን ከሰሊጥ ምርታቸው ስለት እያገቡ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ከጥቂት ክረምት በኋላ ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ ያንን ገንዘብ ሁለተኛ መሰብሰብ እንዴት ይቻላል?

በአፈሩ ውስጥ ስሜክታይት የሚባል እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ የሸክላ ማዕድን አለ። በቅጠሎቹ መካከል ውኃ ሲገባ ይራራቃሉ፤ ውኃው ሲወጣ ይጠጋጋሉ። እብጠቱ መሠረቱን ወደ ላይ ይገፋል። ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር ቢኖር፣ ከከባዱ ሕንፃ ይልቅ ቀላሉ መጎዳቱ ነው፤ ክብደቱ ግፊቱን ተጭኖ መያዝ አይችልምና። ስለዚህ መቃኞው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽና የግቢው አጥር ቀድመው ይሰነጠቃሉ።

ምርመራው በጉድጓድ ይጀምራል። በበጋ የሚቆፈረው ጉድጓድ ከስንጥቁ ጥልቀት አልፎ መውረድ አለበት፤ ገረጋንቲው ወይም አለቱ ስንት ሜትር ላይ እንደሚገኝ ካልታወቀ የመሠረቱ ጥልቀት ግምት ብቻ ይሆናል። የአፈሩ መጥቆር ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ጥቁር ሆኖ የማያብጥ፣ ግራጫ ሆኖ የሚያብጥ አለ። በቤተ ሙከራ ከሚደረጉት አንዱና ቀላሉ ምርመራ ይህ ነው፦ በ0.425 ሚሊ ሜትር ወንፊት የተነፋ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር ውኃ ባለበት የ100 ሚሊ ሊትር መለኪያ ውስጥ ቀስ ተብሎ ይጨመርና 24 ሰዓት ይቆያል። 15 ሚሊ ሊትር ካልደረሰ፣ ማለትም እብጠቱ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ፣ እምብዛም አያሰጋም፤ 20 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ግን ሕንፃ ያናጋል። ሆኖም ይህ ምልክት ነው እንጂ ብያኔ አይደለም። መሐንዲሱ የእብጠቱን ግፊት የሚለካውን ምርመራ ጭምር ሊጠይቅ ይገባል።

አፈሩ የሚያብጥ ሆኖ ከተገኘ፣ ዋልካው ጥልቅ ካልሆነ ጠርጎ አውጥቶ በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ መተካት፣ ጥልቅ ከሆነም መሠረቱን ወደማይንቀሳቀሰው ንብር ማውረድ ይቻላል። ለመንገድና ለግቢ ንጣፍ አፈሩን ከኖራ ጋር ማዋሐድ የተለመደ ነው። አስፋልት ብዙ ጊዜ ከጠርዙ የሚሰነጠቀው መካከሉ እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ ዳሩ በየወቅቱ ስለሚረጥብና ስለሚደርቅ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ሌላ ቤት የሌለው ነገር አለ። የጸበሉ ፍሳሽ ወደ ሕንፃው ጥግ ሊወርድ ይችላል። በግድግዳው ሥር የተቆፈረ መቃብር አፈሩ የላላ ስለሆነ ክረምት ውኃ ይሰበስባል። ትልልቅ ዛፎች በበጋ ከመሠረቱ ሥር እርጥበት ይመጣሉ፤ ዛፉ ይቆረጥ ማለቴ አይደለም፤ አዲሱ ሕንፃ ከዛፉ ይራቅ። የጣሪያው አሸንዳም ውኃውን ከግድግዳው አርቆ ማፍሰስ አለበት።

ግድግዳው አስቀድሞ ተሰንጥቆ ከሆነ ለልስን መቸኮል አይገባም። የስንጥቁን ጫፎች በእርሳስ አመልክቶ፣ ስፋቱን ለክቶ፣ ቀኑን በግድግዳው ላይ መጻፍና አንድ ክረምትና አንድ በጋ መከታተል ይሻላል። ስንጥቁ ከወቅቱ ጋር የሚከፈትና የሚዘጋ ከሆነ መነሻው አፈሩ ነው፤ የእርጥበቱ መንገድ ሳይስተካከል የተለጠፈ ልስንም በሚቀጥለው ዓመት በዚያው መሥመር ይከፈታል።