የማይደገመውን ቅጽበት ሳያንቀጠቅጡ ለመቅረጽ፡ የካሜራ ማረጋጊያ እንዴት ይመረጣል?

በመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ሞላሌና አካባቢዋ ጥር ሲገባ የቪዲዮ ቀራጮች ሥራ ይበዛል። ሙሽሪት የወላጆቿን ጉልበት ስማ ከቤት የምትወጣበት ቅጽበት አንድ ጊዜ ብቻ ያልፋል፤ ቀራጩ “ይደገም” ቢል እንኳ እንባው አይደገምም። ምስሉ ከተንቀጠቀጠ ቤተሰቡ ለዘመናት የሚያየው ያንኑ ነው።

ካሜራን በእጅ ይዞ እየተራመዱ ያለ መንቀጥቀጥ መቅረጽ የተቻለው አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን በፈለሰፈው ስቴዲካም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1976 የወጣው “ሮኪ” ፊልም መሣሪያውን ቀድመው ከተጠቀሙት አንዱ ነው። ስቴዲካም የሚሠራው በክብደት ሚዛንና በስፕሪንግ ነበር። ዛሬ በስፋት የሚገኘው ጊምባል ግን የእጅን እንቅስቃሴ በዳሳሽ እየለየ፣ በሦስት ሞተሮች ካሜራውን ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ይመልሳል።

ገዢው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት የራሱን ካሜራ ክብደት ነው። ሌንሱ፣ ማይክሮፎኑና መያዣው አብረው ይመዘናሉ። ዲጄአይ አርኤስ 3 ሚኒ እስከ 2 ኪሎ ግራም፣ ቀደም ያለው ሮኒን-ኤስ ደግሞ እስከ 3 ነጥብ 6 ኪሎ ግራም እንዲሸከሙ ተሠርተዋል። የስልክ ጊምባልም ወሰን አለው፤ ኦዝሞ ሞባይል 6 የሚቀበለው ከ170 እስከ 290 ግራም የሚመዝን ስልክ ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ረጅም ሌንስ ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚስብ፣ ቀላል ካሜራም ሚዛን ሊያጣ ይችላል። ፍተሻው ቀላል ነው፦ ሞተሩ ሳይበራ ካሜራው በየትኛውም አቅጣጫ ሲዘነብል ባለበት ከቆመ ሚዛኑን ጠብቋል። ካልቆመ ሞተሮቹ ያለ ዕረፍት ይታገላሉ፤ ይሞቃሉ፤ ባትሪም ይጨርሳሉ።

ለመንዝ ደጋ ደግሞ ብርዱ ራሱን የቻለ መመዘኛ ነው። የሊቲየም ባትሪ በብርድ አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ባትሪው የሚወጣ ጊምባል ይመረጣል፤ ትርፉ ባትሪ በበርኖስ ሥር፣ ከሰውነት ሙቀት ጋር ይቆያል። ባትሪው የማይወጣ ከሆነ እየሠራ በፓወር ባንክ መሞላት መቻሉ ይጣራ። በነፋስ ጊዜ የሌንስ ጥላ እንደ ሸራ ነፋሱን ስለሚይዝ ቢወልቅ ይሻላል።

ጊምባል የእርምጃን ሽቅብ ቁልቁል ንዝረት ሙሉ በሙሉ አያጠፋም፤ ጉልበትን ሸብረክ አድርጎ በዝግታ መራመድን ይጠይቃል። በጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጭላዳን በረጅም ሌንስ ከርቀት ለመቅረጽ ለሚሻ ግን ባለሦስት እግሩ መቆሚያ ከጊምባል ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ዋጋውም ይቀላል።

ሻጩ በሱቁ ስልክ የሚያሳየው ሙከራ ብዙ አይናገርም። ገዢው የራሱን ካሜራና ሌንስ ይዞ ሄዶ ይሞክር። አንዳንዶቹ ጊምባሎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ የሚጀምሩት በስልክ መተግበሪያና በኢንተርኔት በመሆኑ፣ መሣሪያው ኔትወርክ አስተማማኝ በሆነበት ከተማ ተከፍቶ፣ ሠርቶ ታይቶ ወደ ሞላሌ ቢጓዝ ይመረጣል።