የእንዶድ ፍሬ፦ ውኃና ሜታኖል የሚሰጡት የተለያየ ምላሽ

እንዶድ በሀገራችን ከፋብሪካ ሳሙና በፊት የነበረ ሳሙና እንደሆነ ይታወቃል። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ የሚሰጠው አረፋ ነጠላና ጋቢን ሲያነጣ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ የቢልሃርዚያን ተዋሲያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በብዛት ተመለከቱ። ገዳዩ ንጥረ ነገር ሳፖኒን የተባለው የውሁዶች ወገን መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ፤ ከነዚህም አንዱ በእርሳቸው ስም ሌማቶክሲን ተብሏል።

አንድ ተማሪ ይህን ሙከራ መድገም ቢፈልግ ከየት ይጀምራል? በብዙ ቤተ ሙከራዎች እንደተለመደው የተፈጨውን ፍሬ በሜታኖል ይዘፈዝፍ ይሆናል፤ ሜታኖል በርካታ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮችን ያሟሟልና። አጣርቶና አትንኖ ያገኘውን ዝቃጭ ቀንድ አውጣ ባለበት ውኃ ላይ ቢጨምር ግን ውጤቱ ያሳዝነዋል፤ ቀንድ አውጣዎቹ እምብዛም አይሞቱም። ታዲያ የዓድዋው ትዝብት ስሕተት ነበርን?

አይደለም። በፍሬው ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች በአብዛኛው በሁለት ቦታ የስኳር ሰንሰለት የተያያዘባቸው ሲሆኑ፣ በዚህ መልካቸው ቀንድ አውጣን አይገድሉም። ፍሬው ተፈጭቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ የነበረው ኢንዛይም አንደኛውን ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ ገዳይ የሚሆነው በአንድ ሰንሰለት ብቻ የቀረው ሞለኪውል ነው። ሜታኖል ኢንዛይሙን ሥራ ስለሚያስፈታው ለውጡ አይካሄድም። ልብስ አጣቢዎቹ ስለ ኢንዛይም ሳይሰሙ ትክክለኛውን አሟሚ መርጠው ነበር ማለት ነው። የባህል አዘገጃጀቱን ሳይጠይቁ አሟሚ የሚመርጡ ተመራማሪዎች ስንት ጠቃሚ ዕፅ «ፋይዳ የለውም» ብለው ጥለው ይሆን?

የፍተሻው ሥራም ጥንቃቄ ይሻል። ቀንድ አውጣ መርዝ ሲሸተው ወደ ቅርፊቱ ገብቶ ስለሚደበቅ የሞተ ይመስላል። ስለዚህ ለ24 ሰዓት በተለያየ የጭማቂ መጠን ከቆየ በኋላ ወደ ንጹሕ ውኃ ተዛውሮ ያገግም እንደሆነ ይታያል። ከጎኑም ምንም ያልተጨመረበት የማነጻጸሪያ ውኃ ይቀመጣል፤ በዚያም ብዙ ቀንድ አውጣ ከሞተ ሙከራው ዋጋ የለውም።

ከቤተ ሙከራ ውጭ፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ዘንድ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተዘግቧል። ይሁን እንጂ ሳፖኒን ቀንድ አውጣን ከዓሣ አይለይም። ጭማቂው በጥቂት ቀናት ውስጥ በውኃው ውስጥ ፈራርሶ ኃይሉን ማጣቱ ለአካባቢው ደግ ነው፤ ቀንድ አውጣው ተመልሶ ሲራባ ግን እንዶዱም እንደገና መጨመር አለበት።